ከእንስራ እስከ ፍሪጅ፤ በቆቦና በራያ ቆላ ምግብን ከሙቀት የመጠበቅ ታሪክ

(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ወልድያን ካለፈ በኋላ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ቆቦ ይደርሳል። ደጋው ወደ ኋላ እየቀረ ሰፊው የራያ ሜዳ ይቀበለዋል። በስተምዕራብ የላስታ ተራሮች እንደ ግድግዳ ቆመዋል፤ በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች ሜዳውን ከአፋር ምድር ይለዩታል። ደሴና አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ሲኖራቸው፥ ቆቦ በ1,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ በላይ መውጣቱ የተለመደ ነው።

ይህን ልዩነት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው ከደጋ ወደ ቆቦ የተዛወረ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። በደጋ ሳለ ማታ ከድኖ ያሳደረው ወጥ ለማግስቱ ምሳ ይደርስለት ነበር፤ በቆቦ ግን ጠዋት ክዳኑን ሲያነሣ ወጡ አረፋ አንሥቶ፥ ሽታውም ተለውጦ ያገኘዋል። ለሕፃን ልጅ የተገዛው ወተት እኩለ ቀን ሳይሆን ይረጋል። እንግዲህ ይህ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ተማክሮ፥ ከደመወዙም ቆጥቦ፥ ፍሪጅ ለመግዛት ያስባል። ማሰቡም ደግ ነው።

ነገር ግን ፍሪጅ መግዛትና ፍሪጅን ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብዙ ሰው ይህን ሣጥን «የገባው ሁሉ የማይበላሽበት ቤት» አድርጎ ያየዋል። ከዚህ አስተሳሰብ የተነሣ ገንዘብ ይባክናል፤ ከዚያም የባሰ ሕፃናት በተቅማጥ ይታመማሉ። በዛሬው ንግግሬ ለማስረዳት የምፈልገው፥ ፍሪጅ ከየት እንደ መጣና እስከ ምን ድረስ እንደሚረዳን ነው። ታሪኩን ያወቀ ሰው አያያዙን ለማወቅ አይቸገርም።

የአያቶቻችን ብልሃት

ምግብን የሚያበላሹት በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ተሐዋስያን ናቸው። እነዚህም እንዲራቡ ሦስት ነገር ይሻሉ፤ ይኸውም ርጥበት፥ ሙቀትና ጊዜ ነው። የቆላ ሰው ስለ ተሐዋስያን የተጻፈ መጽሐፍ ሳያነብ፥ እነዚህን ሦስቱን የሚከለክልበትን መንገድ በልምድ አግኝቶ ኖሯል።

የመጀመሪያው መንገድ ውሃን ማስወጣት ነው። ሥጋው በቀጭኑ ተዘልዝሎ፥ በጨውና በበርበሬ ታሽቶ፥ በገመድ ላይ ይሰቀላል። ጨው የሥጋውን ውሃ ወደ ውጭ ይስባል፤ ደረቁ የቆላ ነፋስም የወጣውን ይወስዳል። እንዲህ ሆኖ የተዘጋጀው ቋንጣ ለብዙ ጊዜ ይቀመጣል። ቅቤም ሲነጠር እንዲሁ ነው፤ በእሳት ላይ ሳለ የሚንጣጣው ድምፅ ውሃው ተንኖ መውጣቱን የሚያመለክት ነው፤ ድምፁ ሲያቆም ባለሙያዋ ሴት ድስቱን ታወርዳለች። የራያ ገበሬ ማሽላውን አድርቆ በጎታ ወይም በጉድጓድ ሲከትም ይህንኑ ሕግ መከተሉ ነው። ርጥበት የነካው እህል ይሻግታልና።

ሁለተኛው መንገድ ምግቡን አስቀድሞ መለወጥ ነው። የወተት ዕቃ በወይራ ጢስ ይታጠናል፤ ወተቱ ረግቶ እርጎ ይሆናል፤ እርጎው ተገፍቶ ቅቤና አሬራ ይወጣዋል፤ አሬራውም በእሳት ሞቆ አይብና አጓት ይሰጣል። በዚህ ሥራ ወተቱን የሚያኮመጥጡት ተሐዋስያን የሚያበላሹትን ቀድመው ቤቱን ይይዙባቸዋል። ይሁን እንጂ መኮምጠጥ በሽታን ሁሉ አይከለክልም፤ ከታመመች ላም የመጣ በሽታ በጥሬው ወተትም በእርጎውም ሊተላለፍ ይችላል። ወተትን ማፍላት የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ሙቀትን መቀነስ ሲሆን፥ የዚህም ዋና መሣሪያ እንስራ ነው። በቆላ ጥላ ሥር የተቀመጠ የሸክላ እንስራ ውሃው ቀዝቃዛ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ምክንያቱ ይህ ነው። የሸክላው ገላ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ ውሃው በእነርሱ በኩል ወደ ውጭ ያዥና ይተንናል። ሲተንም ለመትነን የሚያስፈልገውን ሙቀት ከቀረው ውሃ ላይ ይወስዳል። አየሩ ደረቅ በሆነ መጠን ትነቱ ስለሚበረታ፥ በራያ የበጋ ደረቅ አየር ውስጥ እንስራው ሥራውን በደንብ ይሠራል።

አድማጮቼ ይህን የመጨረሻውን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ። በእናቶቻችን ቤት ማዕዘን የቆመው እንስራና ዛሬ በሳሎናችን የሚያንጎራጉረው ፍሪጅ የሚሠሩት በአንድ ሕግ ነውና።

ብርድ ከትነት እንደሚወለድ

በኤውሮፓ ይህን ሕግ በጽሑፍ ካስረዱት ሰዎች አንዱ ዊልያም ከለን የተባለ የስኮትላንድ ሐኪም ነው። እርሱ በ1756 (ዓመቶቹን፥ ሌላ ካልጠቀስሁ በቀር፥ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር እሰጣለሁ) ፈሳሾች ሲተኑ ብርድን እንደሚፈጥሩ የሚገልጽ ጽሑፍ አሳተመ። ግኝቱ ግን ወዲያው ወደ ሰው ቤት አልገባም።

በመካከሉ ዓለም በተፈጥሮ በረዶ ይነግድ ነበር። ፍሬደሪክ ቱዶር የተባለ የቦስተን ነጋዴ በ1806 በክረምት ከኩሬ የተቈረጠ በረዶ በመርከብ ጭኖ ወደ ማርቲኒክ ደሴት ላከ። በ1833 ደግሞ የእርሱ በረዶ ባሕር ተሻግሮ ሕንድ አገር ካልካታ ደረሰ። በረዶው በመንገድ እንዳይቀልጥ የሚሸፈነው በሰጋቱራ ነበር። ከዚህ የምንማረው፥ ብርድን ከመፍጠር ይልቅ የተገኘውን ብርድ መጠበቅ የሚበልጥ ሥራ መሆኑን ነው። የፍሪጅ ወፍራም ግድግዳና በበሩ ዙሪያ ያለው ጎማ የዚያ የሰጋቱራ ምትክ ናቸው።

በለንደን ይኖር የነበረው አሜሪካዊው ጃኮብ ፐርኪንስ በ1834 አንድ ፈሳሽ ተንኖ እንደ ገና የሚመለስበትን መኪና በስሙ አስመዘገበ። የፍሪጅ ምሥጢር በዚህ ውስጥ ነው። ከእንስራ የተነነ ውሃ ወደ አየር ሄዶ ይቀራል፤ ስለዚህ እንስራው ሁልጊዜ መሞላት አለበት። በፍሪጅ ግን የሚተነው ፈሳሽ በቧንቧ ውስጥ የታሰረ ነው። በውስጥ በኩል ሲተን ከምግቡ ሙቀት ይወስዳል፤ ኮምፕሬሰር የሚባለው ሞተር ጋዙን ጨምቆ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ በኋላ ባለው ቧንቧ ውስጥ የተሸከመውን ሙቀት ለክፍሉ አየር ሰጥቶ እንደ ገና ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያም ወደ ውስጥ ይመለሳል።

እንግዲህ ፍሪጅ ብርድን ከምንም አያመጣም፤ ሙቀትን ከውስጥ አንሥቶ ወደ ውጭ የሚያወጣ ተሸካሚ ነው። በኋላው እጃችንን ብናስጠጋ የምናገኘው ሙቀት ከምግባችን የወጣው ሙቀትና የሞተሩ ድካም ተደምረው ነው።

መርዝ የነበረው ጋዝ

የቤት ፍሪጅ በአሜሪካ መስፋፋት የጀመረው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ፍሪጂዴር የተባለው የኩባንያ ስም እጅግ ከመታወቁ የተነሣ በብዙ አገር የዕቃው መጠሪያ ሆነ፤ በእኛም አገር ያለፈው ትውልድ ፍሪጂዴር ሲል የነበረውን እኛ አሳጥረን ፍሪጅ እንላለን። በ1927 ደግሞ ጄኔራል ኤሌክትሪክ የተባለው ኩባንያ ሞተሩ በአናቱ ላይ የተቀመጠ ፍሪጅ አውጥቶ በብዛት ሸጠ።

በዚያ ዘመን በቧንቧው ውስጥ ይዘዋወሩ የነበሩት አሞኒያ፥ ሰልፈር ዳይኦክሳይድና ሜቲል ክሎራይድ የተባሉ መርዛም ጋዞች ነበሩ። ቧንቧው ሲያፈስ በእንቅልፍ ላይ ያለ ቤተሰብ ሊያልቅ ይችል ነበር። አልበርት አይንስታይን እንኳ በበርሊን አንድ ቤተሰብ በዚህ ምክንያት መሞቱን በጋዜጣ አንብቦ እንዳዘነ ይነገራል፤ ከሊዮ ዚላርድ ጋር ሆኖም የሚያፈስ ተንቀሳቃሽ ክፍል የሌለው ፍሪጅ አስቦ በ1930 በአሜሪካ አስመዘገበ።

ለገበያ የበቃው መፍትሔ ግን የቶማስ ሚጅሊ ነበር። እርሱና ጓደኞቹ በ1928 የማይመርዝና የማይቃጠል ጋዝ ሠሩ፤ ፍሪዮን ተባለ። ሁሉም ደስ አለው። ዳሩ ግን በ1974 ማሪዮ ሞሊናና ሼርውድ ሮውላንድ የተባሉ ሊቃውንት፥ ይህ ዓይነቱ ጋዝ ወደ ላይኛው አየር ወጥቶ ምድርን ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጋርደውን ኦዞን እንደሚያጠፋ አስታወቁ። በ1985 ከደቡብ ዋልታ በላይ ኦዞኑ ክፉኛ መሳሳቱ ተገለጠ፤ በ1987ም መንግሥታት በሞንትሪያል ተሰብስበው ጋዙን ለማስቀረት ተዋዋሉ። ኢትዮጵያም በ1994 የውሉ ተካፋይ ሆነች።

ይህ ታሪክ ለቆቦ ነዋሪ ምን ይጠቅመዋል? ይጠቅመዋል። በዛሬው ጊዜ በብዙ አዳዲስ ፍሪጆች ውስጥ ያለው ጋዝ ኢሶቡቴን ይባላል፤ ኦዞንን አይጎዳም፤ ነገር ግን በእሳት ይቀጣጠላል። መጠኑ ጥቂት ስለ ሆነ ቧንቧው ደኅና እስከ ሆነ ድረስ አያሰጋም። በረዶ ሲጋገር በቢላዋ የሚፈነቅል ሰው ግን ቧንቧውን ቢበሳ፥ ዕቃውን ከማጥፋቱ በላይ ቤቱን ለእሳት ያጋልጣል። ስለዚህ ቢላዋና ጩቤ ከፍሪጅ በረዶ ይራቁ። ጋዝ የሚሞላ ሠራተኛም ሲመጣ፥ በፍሪጁ ጀርባ ከተለጠፈው ጽሑፍ ላይ የጋዙን ዓይነት አንብቦ ያንኑ እንዲሞላ ማሳሰብ ይገባል።

በላምባ የሚሠራው ፍሪጅና የክትባት ነገር

በአዲስ አበባ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ መብራት በ1898 በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት እንደ በራ ይታወቃል። የአባ ሳሙኤል የውሃ ኃይል ጣቢያ በ1930ዎቹ፥ የቆቃ ግድብ ደግሞ በ1960 ተሠርተዋል። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣንም በ1956 ተቋቋመ። ይሁን እንጂ ኃይሉ ለረጅም ዘመን የዋና ዋና ከተሞች ዕድል ብቻ ነበር። ታዲያ መብራት በሌለበት ቆላ መድኃኒት በምን ይቀዘቅዝ ነበር?

መልሱ ከስዊድን አገር መጣ። ባልታዛር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ የተባሉ ሁለት ተማሪዎች በ1922 ሞተር የሌለው፥ በሙቀት ኃይል የሚሠራ ፍሪጅ አቀዱ፤ ኤሌክትሮሉክስ የተባለው ኩባንያም በ1925 ይሸጠው ጀመር። በዚህ ፍሪጅ ጋዙን የሚገፋው ከሥር የሚነድ የላምባ ኩራዝ ነው። እሳት በረዶ ሲሠራ ማየት ለተመልካች ተአምር ይመስለዋል። ዕቃው ግን አያያዝ ይሻል፤ ዘንበል ብሎ ከቆመ አይሠራም፤ ክሩ ካልተስተካከለ ይጨሳል፤ ላምባው ካለቀም ብርዱ ያልቃል።

የዚህ ዋጋ የታየው በክትባት ሥራ ነው። ኢትዮጵያ የሕፃናትን መደበኛ የክትባት ፕሮግራም የጀመረችው በ1980 ነው። ክትባት ከፋብሪካ እስከ ሕፃኑ ክንድ ድረስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መጓዝ አለበት። ሲሞቅ ኃይሉን ያጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ በረዶ ከሆነ ይበላሻል። መልኩ ግን አይለወጥም፤ እናቲቱ ልጄ ተከትቧል ብላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ልጁ ግን አልተጠበቀም። በሞቃት አገር ለሚገኝ ጤና ጣቢያ የአንድ ፍሪጅ መበላሸት ምን ማለት እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ከዚያ አስቀድሞ የሆነ አንድ ነገር ላውሳ። ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ የጠፋው በ1976 ነው። የዘመቻው ሠራተኞች መንገድም መብራትም ወደሌለበት ቀበሌ ሁሉ መግባት የቻሉት፥ የፈንጣጣው ክትባት በብርድ የደረቀ ዱቄት በመሆኑ ሙቀትን ስለሚታገሥ ነበር። ውሃው ስለ ወጣለት አልተበላሸም። ይህ የሳይንስ ሥራ ከቋንጣ ጋር ዝምድና እንዳለው ልብ ያለ ሰው፥ የእናቶቻችንን ብልሃት ኋላ ቀር ብሎ አይንቅም።

በቤታችን ያለው ፍሪጅ

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ከታሪኩ ያገኘነውን ወደ ሥራ ስንለውጠው የሚከተለውን እናገኛለን።

አንደኛ፤ ፍሪጅ ሙቀት ተሸካሚ ስለ ሆነ ሸክሙን የሚያራግፍበት ቦታ ይፈልጋል። ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ፤ ከምድጃና በመስኮት ከሚገባ ፀሐይ ይሸሽ። በቆቦ አቧራ ብዙ ስለ ሆነ የኋላው ቧንቧ ቶሎ ይለብሳል፤ አቧራ የለበሰ ቧንቧ ብርድ ልብስ እንደ ደረበ ሰው ሙቀቱን ማውጣት አይችልም። ስለዚህ በየሁለት ወይም በየሦስት ወሩ ሶኬቱን ነቅሎ በደረቅ ብሩሽ መጥረግ ያስፈልጋል። በዚህ ትንሽ ሥራ የመብራት ሒሳብ ይቀንሳል፤ የሞተሩም ዕድሜ ይረዝማል።

ሁለተኛ፤ ውስጡ ከ4 ዲግሪ እንዳይበልጥ፥ የበረዶ ቤቱም ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ እንዲሆን ይደረግ። በማስተካከያው ላይ ያለው ቁጥር ዲግሪ አይደለም፤ በብዙ ፍሪጆች ቁጥሩ ከፍ ሲል ብርዱ ይጨምራል። ትንሽ የሙቀት መለኪያ ገዝቶ ውስጡ ማስቀመጥ ከመገመት ያድናል።

ሦስተኛ፤ የበሩ ጎማ ይመርመር። አንድ ወረቀት በበሩ መካከል አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት፤ ያለ ምንም ተቃውሞ ከወጣ ብርዱም በዚያው ይወጣል ማለት ነው። ጎማውን በሞቀ ውሃና በሳሙና ማጠብ፥ ካረጀም መለወጥ ይገባል። ልጆችም በሩን ከፍተው ቆመው እንዳያስቡ ይመከሩ።

አራተኛ፤ የጋለ ድስት እንዳለ አይግባ፤ ዙሪያውን ያለውን ምግብ ያሞቃልና። በሌላ በኩል ደግሞ «እስኪበርድ» እየተባለ ሌሊቱን በውጭ ማደር የለበትም። የበሰለ ምግብ በውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ፥ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነ ቀን ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየት እንደሌለበት የጤና ባለሙያዎች ይመክራሉ። ታዲያ ምን ይደረግ? ወጡ ከትልቁ ድስት ወደ ትናንሽና ጠፍጣፋ ዕቃዎች ይገልበጥ፤ ዕቃዎቹ በቀዝቃዛ ውሃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ ይቀመጡ፤ እንፋሎቱ ሲያቆም ተከድነው ይግቡ። ለምሳ የሚወጣውም እስኪፍለቀለቅ ይሞቅ።

አምስተኛ፤ ጥሬ ሥጋ ተሸፍኖ ከታች፥ የበሰለ ምግብ ከላይ ይሁን፤ የሥጋው ደም በበሰለው ላይ እንዳይንጠባጠብ ነው። በፋሲካም ሆነ በዒድ አረፋ የቅርጫ ወይም የዕርድ ሥጋ ወደ ቤት ሲመጣ፥ ብዙ ሰው ገና ትኩስ የሆነውን ሥጋ በትልቅ ፌስታል እንዳለ ፍሪጁ ውስጥ ይጠቀጥቃል። የዚህ ዓይነቱ ክምር ውጭው ሲቀዘቅዝ ልቡ ሞቆ ይቆያል፤ መሽተት የሚጀምረውም ከዚያ ነው። ሥጋውን በትናንሹ ከፋፍሎ፥ ቶሎ የሚበላውን ከታች፥ የሚቆየውን በበረዶ ቤት ማስቀመጥ፥ የተረፈውን ደግሞ እንደ ጥንቱ ዘልዝሎ ቋንጣ ማድረግ የብልህ ቤተሰብ ሥራ ነው።

ስድስተኛ፤ ሁሉ ነገር ፍሪጅ አይሻም። በቆቦና በጊራና ሸለቆ በመስኖ የሚለማው ሽንኩርት በደረቅና ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ ይሻለዋል፤ ቲማቲምም ገና ካልበሰለ በብርድ ጣዕሙን ያጣል። ሞሐመድ ባህ አባ የተባለ የሰሜን ናይጄሪያ መምህር በ1990ዎቹ ዓመታት አንዱን የሸክላ ማሰሮ በሌላው ውስጥ አስቀምጦ፥ በመካከላቸው ርጥብ አሸዋ በመሙላት አትክልትን ለብዙ ቀን አቆይቶ ዝናን አትርፏል። ይህ የእንስራችን ዘመድ ስለ ሆነ በራያ ደረቅ አየርም ይሠራል። ለሥጋና ለወተት ግን አይበቃም።

ሰባተኛ፤ በቤት ውስጥ ኢንሱሊን የሚወስድ ሕመምተኛ ካለ፥ ያልተከፈተው መድኃኒት በፍሪጁ መካከለኛ ክፍል ይቀመጥ። ከበረዶ ቤት ጋር የተጠጋ እንደ ሆነ ሊረጋ ይችላል፤ የረጋ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይወሰድም።

ስምንተኛ፤ ያረጀ ፍሪጅ በግቢ ሲጣል በሩ ይነቀል። የቀድሞዎቹ ፍሪጆች በሮች ከውስጥ የማይከፈት መቀርቀሪያ ስለ ነበራቸው፥ ድብብቆሽ የሚጫወቱ ሕፃናት ገብተው ታፍነው ይሞቱ ነበር። አሜሪካ በ1956 ፍሪጅ ሁሉ ከውስጥ ተገፍቶ እንዲከፈት የሚያዝዝ ሕግ ያወጣችው በዚህ ኀዘን ምክንያት ነው። በማግኔት የሚዘጋው የዛሬው በር የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው።

መብራት ሲጠፋ

የመብራት መጥፋትና መዋዠቅ ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያው ሥራ በሩን አለመክፈት ነው። የተዘጋ ፍሪጅ ብርዱን 4 ሰዓት ያህል ይይዛል፤ የሞላ የበረዶ ቤት እስከ 48 ሰዓት፥ ግማሹ የሞላ ደግሞ እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። ስለዚህ በበረዶ ቤቱ ባዶ ቦታ በጠርሙስ ውሃ ማርጋት ይጠቅማል፤ የረጋው ውሃ ብርዱን እንደ ጎተራ ያከማቻልና። ጠርሙሱ ፕላስቲክ ይሁን፤ እስከ አፉም አይሞላ፤ ውሃ ሲረጋ ይሰፋል።

መብራቱ ሲመለስ ደግሞ ፍሪጁን ወዲያው መሰካት አይገባም። በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት እስኪስተካከልና ኃይሉም እስኪረጋ 5 ደቂቃ ያህል መታገሥ ኮምፕሬሰሩን ከመቃጠል ያድነዋል። ኃይሉ ከፍና ዝቅ በሚልበት ሰፈር ስታቢላይዘር መግዛት ከጥገና ወጪ ያሳርፋል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይሏል እንዲህ ያለው ነው።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ በገባ ጊዜ፥ በቆቦና በአካባቢው የኤሌክትሪክ ኃይል ለወራት ተቋርጦ ነበር። ለ4 ሰዓትና ለ48 ሰዓት የተሰጠው ምክር በዚያን ጊዜ ለምንም አይጠቅምም ነበር። ኃይሉ ሲቋረጥ ፍሪጅ ባዶ ቁም ሣጥን ነው። ማድረቅ፥ ማንጠር፥ ማርጋትና በእንስራ ማቀዝቀዝ ግን መብራት አይሹም። እነዚህን የሚያውቅ ሰው በቤት ውስጥ ካለ፥ ቤተሰቡ ክፉ ቀንን የሚያሳልፍበት አንድ ነገር አለው ማለት ነው። ስለዚህ የፍሪጅ ባለቤት የሆነች ወይዘሮ ቋንጣ አዘለዛዘልንና ቅቤ አነጣጠርን ለልጆቿ፥ ለሴቱም ለወንዱም፥ ብታስተምር ለወደፊቱ ጊዜ መልካም ስንቅ ሰጠቻቸው።

ክቡራትና ክቡራን አድማጮች፤ የፍሪጅ ታሪክ የሚያስተምረን ዋናው ነገር አንድ ነው። ብርድ ረቂቃን ተሐዋስያንን ያንቀላፋቸዋል እንጂ አይገድላቸውም፤ ከበረዶ ቤት የወጣ ሥጋ ሲሞቅ እነርሱም ይነቃሉ። ፍሪጅ የሚሰጠን ጥቂት ቀናት ነው፤ የተበላሸውን ግን ደኅና አያደርግልንም። ንጹሕ እጅ፥ የፈላ ወተት፥ ቶሎ የበሰለና በጊዜው የተበላ ምግብ ሣጥኑ ሊተካቸው የማይችላቸው ነገሮች ናቸው። ለምግቡ የሚጠነቀቀው ቤተሰቡ ራሱ ነው፤ ፍሪጁ ረዳቱ ነው።

በዚሁ ንግግሬን እፈጽማለሁ።